የጀማሪ መምህራን ኢንዳክሽን፦ አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት ሜንተር፣ ሁለት የማይገናኝ ዓመት

መምህር ሆኖ የተቀጠረ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ግን ማንም ቁጭ ብሎ ይሄ ይጠቅማል ይሄ አይጠቅምም ብሎ ሲጽፍበት ያላየሁት አገልግሎት ቢኖር ኢንዳክሽን ነው። ሰነድ ላይ የሙያ ትውውቅ ይባላል፣ ስታፍ ሩም ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ኢንዳክሽን ነው የሚለው። እኔ ሁለት ዓመት ጀማሪ ሆኜ አልፌበታለሁ፣ አሁን ደግሞ ራሴ ሜንተር፣ ማለትም ጀማሪውን የሚያማክር ነባር መምህር፣ ሆኜ ሦስተኛዋን ጀማሪ ይዣለሁ፣ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። ዘንድሮ ከኮሌጅ ወጥታችሁ ለምትመደቡ ልጆች ብዬ ነው የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እኔ በጊዜው ማንም ያልነገረኝን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ልበል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ አዲስ የተመደበ መምህር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በኢንዳክሽን እንዲያሳልፍ ያዛል። ሜንተር ይመደብለታል፣ እየሞላ የሚሄደው የሥራ መጽሐፍ ይሰጠዋል፣ ሜንተሩ ክፍሉ ገብቶ ያየዋል እሱም የሌሎችን ክፍል ገብቶ ያያል፣ የሠራው ነገር በሙሉ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱ ዓመት ካለቀ በኋላ እንደማንኛውም መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ)፣ ያው ሁላችንም ሲፒዲ የምንለውን፣ መሥራት ነው። በደረጃ እድገቱም ጀማሪ መምህር ተብላችሁ ትገቡና ከዛ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ መምህር እያለ ይቀጥላል። ከናንተ የሚከፈል ነገር የለም፣ የሚከፈለው ጊዜ ነው፣ እሱም ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ሐሳቡን በጣም ነው የምወደው። ሹፌር እንኳን ረዳት ሆኖ መንገዱን ለምዶ ነው መሪ የሚይዘው። መምህር ግን በመጀመሪያው ቀን የሚረከበው ክፍል 20 ዓመት ያስተማረ ሰው ከሚረከበው ጋር እኩል ነው፣ እንደውም ነባሮቹ የሚፈልጉትን ከያዙ በኋላ የተረፈው ነው ለጀማሪ የሚደርሰው፣ ብዙ ልጅ ያለበት፣ ሰዓቱ የማይመች፣ ማንም የማይፈልገው ሴክሽን። ስለዚህ አጠገቡ የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበው ሰው ትክክል ነው ያሰበው።

እኔ የተመደብኩት በ2008 ዓ.ም ነው፣ ከወረዳው ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ገደማ የሚርቅ ቀበሌ ውስጥ ያለ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት፣ 5ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ሦስት ሴክሽን። ትልቁ ሴክሽን 74 ልጅ ነበረው፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው። ኮሌጅ እያለሁ ለፕራክቲከም፣ ለማስተማር ልምምድ፣ የወጣሁት ከተማ ውስጥ ያለ ት/ቤት ነበር፣ የክፍሉ መምህርት ከኋላ ቁጭ ብላ ስለነበር ልጆቹ ፀጥ ብለው ይሰሙኝ ነበር፣ እኔም ማስተማር እንዲህ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። እዚህ ግን ከኋላ የተቀመጠ ማንም የለም።

ሜንተሬ ማን እንደሆነ ያወቅኩት ኅዳር ውስጥ ነው። ስሜ ከስሙ ጎን ተጽፎ ስታፍ ሩም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየሁት። ሰውየው የከሰዓት ፈረቃ ነው እኔ የጠዋት፣ እሱ የሚያስተምረው ኅብረተሰብ ነው እኔ ሒሳብ፣ በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ አለው በዛ ላይ ዩኒት ሊደር ነው። እሱን ልወቅሰው አልፈልግም፣ በዛ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ማንም ሰው ቢሆን ሜንተር መሆን አይችልም። አንድ ቀን ሻይ ቤት አገኘሁትና "አይዞሽ፣ ችግር ካለ ንገሪኝ" አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ፣ በቃ ይሄ ነበር የመጀመሪያው ውይይታችን። ቆይቼ ነው የገባኝ፣ ችግር ካለ ንገሪኝ የሚለው ነገር ለጀማሪ ብዙም አይረዳም፣ ምክንያቱም ጀማሪ ችግሩ ምን እንደሆነ ገና አያውቅም እኮ። እኔ ያኔ ብትጠይቁኝ ችግሬ የልጆቹ ስንፍና ነው ነበር የምላችሁ።

ጥር ላይ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ተባለ። አንድ ካቻምና የገባ ልጅ ፖርትፎሊዮውን አዋሰኝና ሁለት ሌሊት ሙሉ በኩራዝ ቀኑን እየቀየርኩ ገለበጥኩት፣ የራስ ግምገማውን፣ ዕቅዱን፣ "ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች" የሚለውን ሁሉ። የእሱ ችግር የእኔ ችግር ሆኖ ተጻፈ። ሜንተሬም አራት የክፍል ምልከታ ፎርም በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ፈረመልኝ፣ ክፍሌ አንድም ቀን ገብቶ ሳያውቅ። ፖርትፎሊዮው ጥሩ ነው ተብሎ ለሌሎች እንደ ምሳሌ ታየ። ይሄን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም የዛን ሰሞን ከምንም በላይ እርዳታ የሚያስፈልገኝ ጊዜ ነበር፣ ያ ፋይል ደግሞ ለሚያየው ሁሉ ይቺ ልጅ ምንም አልጎደላትም ብሎ ይመሰክር ነበር።

ክፍል ውስጥ ምን እየሆነ ነበር መሰላችሁ። ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፣ አስረዳለሁ፣ ዞር ብዬ "ገባችሁ?" እላለሁ፣ 74 ልጅ በአንድ ድምፅ "አዎዎ ቲቸር!" ይላል፣ እቀጥላለሁ። ክፍልፋይ መደመርን አንድ ሳምንት እንዲህ አስተምሬ ፈተና ሰጠሁ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው የሚለው ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 2/5 ብለው ጻፉ። ወረቀቱን እያረምኩ ተናደድኩ፣ እንደገና ያንኑ ትምህርት በዛው መንገድ ጮክ ብዬ ደገምኩት፣ እንደገና ፈተንኩ፣ እንደገና 2/5።

ዱላም ይዤ ነበር። ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ ግን ሪቪው ካልኩ ሙሉውን ነው። ስታፍ ውስጥ ያሉ ነባሮች "ካልፈሩሽ አያከብሩሽም፣ ከመስከረም ጀምሮ ካላጠበቅሽ ዓመቱን ሙሉ ይጫወቱብሻል" ብለው መከሩኝ፣ ያገኘሁት ብቸኛ ምክርም እሱ ስለነበር ያዝኩት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው እንደሚል ኮሌጅ ተምሬያለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ግን ማወቅና በሱ ፋንታ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ይለያያል። አንድ ቀን ያረፈደች ልጅ መታሁ፣ በኋላ ስሰማ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ውኃ ቀድታ ነው የምትመጣው። የዚያች ልጅ ፊት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ሜንተር የሌለው ጀማሪ ከስታፍ ሩም የሚማረው እንዲህ ያለውን ነው፣ ክፍተቱ ባዶ ሆኖ አይቆይም፣ የሆነ ሰው የሆነ ምክር ይሞላበታል።

ሰኔ ላይ ያ ሜንተሬ ዝውውር ደርሶት ሄደ። በ2009 ዓ.ም መስከረም የተሰጡኝ ሌላ ሰው ነበሩ፣ የ6ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር፣ ድሮ 12+1 በሚባልበት ጊዜ፣ ከ12ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ከማሠልጠኛ ተመርቀው የገቡና በኋላ በክረምት እየተማሩ ዲፕሎማ የያዙ፣ ጡረታቸው የተቃረበ። ስታፉ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው እኔም ጋሼ ነበር የምላቸው። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት መጡና ስለ ፎርምም ስለ ፖርትፎሊዮም ምንም ሳይሉ "የኔ ልጅ፣ ክፍልሽን ከማየቴ በፊት የኔን እዪ" አሉኝ። እሺ ብዬ ስገባ ደግሞ "እኔን አትዪ፣ እኔ ምንም አልጠቅምሽም፣ ሁለት ልጅ ምረጪ፣ አንዷን ከፊት አንዱን ከኋላ፣ 40 ደቂቃውን በሙሉ እነሱን ብቻ እዪ" አሉኝ።

እስቲ ሞክሩት። እኔ በሕይወቴ ክፍል ውስጥ ተማሪ አይቼ አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ፣ የማየው ሰሌዳና ደብተሬን ነበር። ከኋላ የመረጥኩት ልጅ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር ነበር የሚገለብጠው፣ ሰሌዳውን አንዴም ቀና ብሎ አላየም፣ ገልባጭ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ግን ጋሼ ራሳቸው ወደ መሀል ሲሄዱ ጠርተው ፊት ሲያስቀምጡት ራሱ መጻፍ ጀመረ። ከሩቅ አይታየውም ነበር። ከክፍል ስንወጣ "ምን አየሽ?" ብለው ጠየቁኝ እንጂ ምንም አልነገሩኝም። እኔ ክፍል ውስጥ ስንት እንደዚህ ያለ ልጅ አለ ብዬ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዛ እሳቸው የኔን ክፍል ሊያዩ ገቡ። ፎርም አልያዙም፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጡና ባዶ ወረቀት ላይ የክፍሉን ዴስኮች ሳሉ፣ እኔ አንድ ልጅ በጠየቅኩ ቁጥር የተቀመጠበት ቦታ ላይ ጭረት ያደርጋሉ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን ሰጡኝ። ጭረቱ በሙሉ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ረድፎችና በበሩ በኩል ነበር፣ ዘጠኝ ልጅ ብቻ። ከኋላ ያለው ግማሽ ክፍል አንድም ጭረት የለውም። ጎበዝ ነሽ አላሉኝም ደካማ ነሽ አላሉኝም፣ ወረቀቱን ሰጥተውኝ "ነገ ሻይ እንጠጣ" ብለው ሄዱ። ያ ወረቀት አሁንም አለኝ። ስለ ማስተማር ከተነገረኝ ነገር ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ የሚከራከሩት ነገር ስላልሆነ።

ሻዩ ላይ ስለ 2/5 አነሳሁባቸው። ልጆቹ ሰነፎች እንደሆኑ ለማስረዳት ነበር ያነሳሁት። ጋሼ ግን "ልጆቹ እኮ ያስተማርናቸውን ነው የሠሩት" አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ቁጥር ደምሩ ስንላቸው ነው የኖርነው፣ አሁን ሁለት ቁጥር ከላይ ሁለት ቁጥር ከታች ሲያዩ ላይኛውን ከላይኛው ታችኛውን ከታችኛው ይደምራሉ፣ ይሄ ስንፍና ሳይሆን ልማድ ነው። "ደንቡን አትድገሚላቸው። ግማሽ ዳቦ አለሽ፣ ሲሶ ዳቦ ጨመርኩልሽ፣ አሁን ያለሽ ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል? ብለሽ ጠይቂያቸው። ይበልጣል ይሉሻል። ከዛ አንድ ዳቦ አምስት ቦታ ተቆርጦ ሁለቱን ብትወስጂ ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል? በያቸው። ከዛ ዝም በይ።" በማግስቱ እንዳሉኝ አደረግኩ። ዝም አልኩ። ክፍሉ ትንሽ ተንጫጫና አንድ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ ስሙን በደንብ የማላውቀው ልጅ፣ "ቲቸር፣ እንዴት ጨምረን ያንሳል?" አለ። ከዛ ወረቀት በስድስት አጥፈን፣ ግማሹ ሦስት እጥፋት ሲሶው ሁለት እጥፋት፣ አምስት ስድስተኛ መሆኑን ራሳቸው ቆጥረው አገኙት። ያን ቀን ቤት ስገባ ለእናቴ ደወልኩ፣ ምን እንደተፈጠረ ብነግራት እንደማይገባት እያወቅኩ ነገርኳት።

"ገባችሁ?" የሚለውንም አስተዉኝ። በሱ ፋንታ ለጎንህ ልጅ አስረዳው፣ ከዛ ጎንህ ያለው ልጅ ምን አለህ ብሎ መጠየቅ። ጥያቄ ጠይቆ በልብ እስከ አምስት መቁጠር፣ መጀመሪያ እጁን ያወጣውን ወዲያው አለመጥራት። በር ላይ ቆሞ መቀበልና ልጆቹ ሲገቡ ሰሌዳው ላይ የሚሠሩት አንድ ጥያቄ ተጽፎ እንዲጠብቃቸው ማድረግ፣ ይሄ ብቻውን የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ጩኸት አጠፋልኝ፣ ዱላውንም ያስቀመጥኩት በዛ ሳምንት ነው። ጋሼ ስለ ዱላው አልሰበኩኝም፣ እሳቸውም በወጣትነታቸው ይመቱ እንደነበርና አንድ በኋላ ትልቅ ሰው ሆኖ ያገኙት ተማሪያቸው ሰላም ሊላቸው እንዳልፈለገ ብቻ ነገሩኝ።

የማስተማር ያልሆነውም ነገር ብዙ ነው። ሆምሩም፣ የአንድ ክፍል ኃላፊ መምህር፣ ስሆን ሮስተር እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፣ የ74 ልጅ የሁሉንም ትምህርት ውጤት ደምሮ አካፍሎ ደረጃ ማውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩት ሰው ያሳብዳል፣ እሳቸው ስህተቱን በየገጹ ድምር የሚያገኙበት መንገድ ነበራቸው። የገበያ ቀን ልጆች እንደሚቀሩና በዛ ቀን አዲስ ርዕስ እንዳልጀምር፣ ኅዳር ላይ አጨዳ ሲሆን ለወላጅ በቁጣ ደብዳቤ ከመላክ ይልቅ ቤታቸው ሄጄ ቡና ጠጥቼ መጠየቅ እንደሚሻል፣ ይሄ ሁሉ የትም መጽሐፍ ላይ የለም።

የካቲት ላይ ልለቅ ነበር። ባንክ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፣ ከኛ ባች የተወሰኑት ገብተው ነበር፣ ማመልከቻዬን ጽፌ ለጋሼ አሳየኋቸው። አትሂጂ አላሉኝም። "ከሳምንቱ ውስጥ የትኛው ክፍለ ጊዜ ነው ጠዋት ስትነሺ የሚያስጠላሽ?" አሉኝ። አሰብኩት። 5ኛ ሐ፣ ከእረፍት በኋላ ያለው። ሌላውስ? ሌላው እንኳን ደህና ነው። "እንግዲያው አንቺ የጠላሽው 5ኛ ሐን ነው" አሉኝና ሦስት ሳምንት በተከታታይ ያን ክፍለ ጊዜ አብረውኝ ገቡ፣ አንዳንዴ እሳቸው ግማሹን እያስተማሩ እኔ እያየሁ። የራሳቸውን ነፃ ክፍለ ጊዜ ነው የሰጡኝ፣ ማንም አላካካሰላቸውም። ማመልከቻው አልገባም።

ስለ ሥራ መጽሐፉ ደግሞ ላንሳ። መጀመሪያ የደረሰኝ ኮፒ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ግማሹ አይነበብም፣ እኔ ደግሞ የማስተምረው በአማርኛ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጠላሁት። በሁለተኛው ዓመት ጋሼ አንዱን መልመጃ መርጠው "ይሄን ጊዜ ይሄኛውን እንሥራ" ሲሉኝ ግን በጣም ጥሩ ጥያቄዎች እንዳሉት አየሁ። በቅደም ተከተል ከመጀመሪያው ገጽ መሙላት የጀመረ ሰው ይሰለቸዋል፣ በዛ ሳምንት ክፍሉ ውስጥ ካለው ጉዳይ ጋር የሚገናኘውን መርጦ የሠራ ግን ይጠቀምበታል። ፖርትፎሊዮም እንደዛው፣ ያ የጭረት ወረቀት የገባበት ፖርትፎሊዮዬ ከመጀመሪያው ዓመት በሩብ ያነሰ ነው ግን የኔ ነው።

አሁን ይሄ አገልግሎት ላይ ትልቁ ጉድለት ምን እንደሆነ ልናገር። በኛ ት/ቤት ሜንተሩ የሚጽፈው ሪፖርት ለጀማሪው የሥራ አፈፃፀም ውጤት ይገባል። ማለትም ድክመቴን እንድነግረው የሚጠበቀው ሰውና ነጥብ የሚሰጠኝ ሰው አንድ ነው። እናንተ ብትሆኑ ትናገራላችሁ? እኔ በመጀመሪያው ዓመት ለሜንተሬ አንድም ነገር ያልነገርኩት ስላላገኘሁት ብቻ አልነበረም፣ ባገኘውም አልነግረውም ነበር። ጋሼ ይሄን የፈቱት በራሳቸው መንገድ ነው፣ መስከረም ላይ "ፎርሙ ላይ የምጽፈውን ከመፈረሜ በፊት አንቺ ታነቢዋለሽ፣ አብረን ስንሠራ ያየሁትን ስህተት ግን አልጽፈውም" አሉኝ። እሳቸው ጥሩ ሰው ስለሆኑ ሆነ። አሠራሩ ግን በሰው ጥሩነት ላይ ባይንጠለጠል ደስ ይለኛል።

እንግሊዝ አገር የምታስተምር ጓደኛ አለችኝና ስናወራ የነሱን ሰማሁ፣ ከዛም ራሴ አነበብኩት። እነሱ ከ2021 እ.ኤ.አ. መስከረም ጀምሮ ለጀማሪ መምህር የሁለት ዓመት ድጋፍ አድርገዋል፣ የኛም ከዛ በፊት ጀምሮ በወረቀት ሁለት ዓመት ነው፣ እስከዚህ እኩል ነን። ልዩነቱ፣ እዛ ጀማሪው በመጀመሪያው ዓመት ከማስተማሪያ ጊዜው 10 በመቶ በሁለተኛው ደግሞ 5 በመቶ ይቀነስለታል፣ ሜንተሩና የሚመዝነው ሰው ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ገንዘባቸው ከኛ ጋር አይወዳደርም እሱን አውቃለሁ። ግን መዛኙን ከሜንተሩ መለየት ብር አይጠይቅም እኮ፣ ምዘናውን ለምክትሉ ወይም ለዲፓርትመንት ኃላፊው ሰጥቶ ሜንተሩን ለምክር ብቻ መተው ነው። ጊዜውም ቢሆን ከ28 ክፍለ ጊዜ 10 በመቶ ማለት ሦስት ክፍለ ጊዜ አካባቢ ነው፣ ሦስት ባይሆን አንድ ቢቀነስ እንኳን በሳምንት አንዴ ክፍል ገብቶ ማየት ይቻላል።

እኔ አሁን ሜንተር ስሆን ያየሁትም ይሄንኑ ነው። 26 ክፍለ ጊዜ አለኝ፣ ሆምሩም ነኝ። የመጀመሪያዋ ጀማሪዬ ላይ ጋሼ ያደረጉልኝን ሩቡን እንኳን አላደረግኩም፣ ዓመቱ እንዴት እንዳለቀ ሳላውቅ አለቀ፣ ይቅርታም ጠይቄያታለሁ። ከሁለተኛው ጀምሮ መላ አበጀሁ። ፕሮግራም የሚያወጣውን ሰው አስቀድሜ ለምኜ የኔና የጀማሪው ነፃ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲገናኝ አደረግኩ። የዕለት ዕቅዱን ማታ በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፣ እኔ በድምፅ እመልሳለሁ፣ ኔትወርክ ካለ። ከሥራ ስንወጣ አብረን በእግር እንሄዳለን፣ እውነተኛው ውይይት እዛ መንገድ ላይ ነው የሚካሄደው፣ ስታፍ ሩም ውስጥ ሁሉም ስለሚሰማ ማንም እውነቱን አያወራም። እና ለሜንተር የሚጠቅመውም ነገር ትንሽ አይደለም፣ ለጀማሪ ለምን እንዲህ እንደማደርግ ሳስረዳ ነው ለብዙ ነገር ምክንያት እንደሌለኝ ያወቅኩት።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለመጀመሪያው ዓመቴ ከ5 አንድ፣ እሱም ፕሮግራሙ መኖሩን ስላወቅኩበት ነው። ለሁለተኛው ዓመት ሙሉ አምስት። ለፕሮግራሙ በጠቅላላው ሦስት እሰጠዋለሁ፣ ንድፉ አራት ተኩል የሚገባው ሆኖ ሳለ አተገባበሩ ዕድል ላይ ስለተንጠለጠለ። የተመደበላችሁ ሜንተር ማን ነው፣ ፈረቃው የት ነው፣ ትምህርቱ ምንድነው፣ እነዚህ ሦስቱ ሁለት ዓመታችሁን ይወስኑታል፣ በየቦታው ደግሞ እነዚህን ሦስቱን አይቶ የሚመድብም አለ ስም ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን የሚጽፍም አለ።

ስለዚህ ለምትመደቡት፣ ኅዳርን አትጠብቁ። ት/ቤት የደረሳችሁ ሰሞን ርዕሰ መምህሩ ጋ ገብታችሁ ሜንተሬ ማን ነው በሉ፣ በሌላ ፈረቃ ያለ ሰው ከሆነ በትህትና ይቀየርልኝ በሉ፣ ፕሮግራም ገና ሳይጸድቅ ከሆነ ይቀይሩላችኋል ከጥቅምት በኋላ ግን ማንም ፕሮግራም አይነካላችሁም። ሜንተራችሁን ካገኛችሁ ደግሞ ክፍሌን እይልኝ ከማለታችሁ በፊት ክፍልህን ልይ በሉት፣ እምቢ የሚል ብዙ የለም፣ ከገባችሁም ሁለት ልጅ ምረጡና እነሱን ብቻ እዩ። ሜንተራችሁ ጨርሶ ጊዜ ከሌለው በስታፉ ውስጥ ልጆች እየሮጡ የሚገቡለትን መምህር ፈልጉ፣ በየት/ቤቱ አንድ አይጠፋም፣ ወረቀት ላይ ሜንተራችሁ ባይሆንም ሻይ ጋብዙት። ጋሼ አምና ጡረታ ወጥተዋል፣ የአሁኗ ጀማሪዬ ባለፈው ሳምንት የሳልኩላትን የጭረት ወረቀት ይዛ ቤታቸው ድረስ ሄዳ አሳየቻቸው፣ ከኋላ በኩል አራት ጭረት ነበረው።